በድሬዳዋ ሙቀት የጤና ባለሙያን ለቫይረስ የሚያጋልጡ ስህተቶች

የጅቡቲ መንገድና የባቡር ሐዲድ በድሬዳዋ ያልፋሉና ወረርሽኝ ወደዚህች ከተማ ለመድረስ አይዘገይም። በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ 19 ሲገባም ከጅቡቲ የተመለሱ ወገኖቻችን ያለፉት በዚሁ መንገድ ነበር። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች ከዕውቀት ማነስ ይልቅ ከሙቀትና ከድካም የሚመጡ ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ ማንንም መውቀስ አይገባም፣ አሠራሩን ማስተካከል ግን ግድ ነው።

ጭምብልን ቀድሞ ማውለቅ። ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ተረኛዋ ነርስ ከሕሙማን ክፍል ስትወጣ ላቧ ዓይኗን ያቃጥላታል፣ መነጽሯ በእንፋሎት ተሸፍኗል። እጇ በመጀመሪያ የሚሮጠው ትንፋሽ ወደ ነሳት ጭምብል ነው፤ ያ እጅ ደግሞ ሕመምተኛውን ሲነካ የቆየውን ጓንት ገና አላወለቀም። መጀመሪያ ጓንቱ ይውለቅ፤ ቀጥሎ ጋውኑ የውጭው ገጽ ወደ ውስጥ እየተጠቀለለ ይውጣና እጅ ይጽዳ። ከዚያ መነጽሩ፣ በመጨረሻም ጭምብሉ ይውለቅ፤ የፊቱን ገጽ ሳይነኩ፣ ከኋላ ማሰሪያውን ይዞ። ከዚያ እጅ እንደገና ይጽዳ። አንድ ባልደረባ ማውለቂያው ቦታ ላይ ቆሞ ተራውን ጮክ ብሎ ቢያሰማ፣ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ማስታወቂያ እጅግ ይሻላል። የተረኝነቱን ሰዓት ማሳጠርም የመከላከል ሥራ ነው፤ በላብ የደከመ ሰው ተራ ይስታል።

ፊት ላይ ያልገጠመ ጭምብል። ኤን 95 የተባለው ጭምብል ቢያንስ 95 በመቶ ጥቃቅን ብናኞችን ያጣራል፤ አየሩ በጎን ከገባ ግን ማጣሪያው ከንቱ ነው። ጺም ያላችሁ ወንድሞቼ፣ በወረርሽኝ ጊዜ ተላጩ። በላብ የራሰውን ደግሞ ቀይሩት።

ትናንት የተበጠበጠ በረኪና። ሙቀትና ፀሐይ የክሎሪንን ኃይል ያደክማሉ። 5 በመቶ የሆነውን በረኪና አንድ እጁን ከዘጠኝ እጅ ውኃ ጋር ስትቀላቅሉ 0.5 በመቶ ይሆናል፤ በየቀኑ አዲስ ይበጥበጥ፣ ተከድኖ ጥላ ሥር ይቀመጥ፣ የተዘጋጀበት ቀንና ሰዓት ይጻፍበት። ሰው ላይ ፈጽሞ አይረጭም።

ጓንትን በእጅ መታጠብ ምትክ ማየት። ጓንት ይቀደዳል፣ ሲወልቅም እጅን ይበክላል።

በማረፊያ ክፍል መዘናጋት። ሕመምተኛ ፊት የተጠነቀቀ ሐኪም ምሳ ሰዓት ላይ መስኮት ተዘግቶ፣ አንድ ትሪ ተከቦ፣ ጭምብል ወልቆ ይጎራረሳል። በዚያች ጠባብ ክፍል ባልደረባ ለባልደረባ ያስተላልፋል። የጣሪያ ማራገቢያ ያንኑ አየር መልሶ ያዞራል እንጂ ንጹሕ አየር አያስገባምና መስኮት ክፈቱ፤ በየተራ፣ በየሳህናችሁ ብሉ።

የጽዳት ሠራተኛዋን መርሳት። ቆሻሻውን የምትሰበስበውና የተበከለውን አንሶላ የምትነካው እርሷ ሆና ሳለ ሥልጠናው ለሐኪምና ለነርስ ብቻ ይሰጣል። ወፍራም ጓንትና ቦት ጫማ ይሰጣት፤ ትምህርቱም በኦሮምኛም ሆነ በሶማልኛ፣ በደንብ በምትሰማው ቋንቋ ይሁን። የጥበቃና የካርድ ክፍል ሠራተኞችም አብረው ይሠልጥኑ፤ ሕመምተኛውን በመጀመሪያ የሚያገኙት እነርሱ ናቸው።