ያበጠ ባት አይታሽም! በእግር የደም መርጋት ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

«ብርድ ነው»

እኛ ጋ ብርድ የማይከሰስበት ነገር የለም መቼም። ወገብ ሲያም ብርድ፣ ጎን ሲወጋ ብርድ፣ ባት ሲያብጥም ብርድ። አንድ እግር ብቻ ካበጠ ግን፣ ባቱ ወይም ጭኑ ጠጠር ካለ፣ ሲነካ ካመመ፣ ከሌላኛው እግር ከሞቀ፣ በጥልቁ የደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። መቅላቱን አትጠብቁ፤ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ላይታይ ይችላል። ሐኪሞች ሁለቱንም ባት ከጉልበት በታች በሜትር ይለካሉ። ልዩነቱ ከ3 ሳንቲ ሜትር ካለፈ ጥርጣሬያቸው ይጨምራል። ካነሰ ግን የለም ማለት አይደለም። ለማንኛውም ዛሬውኑ ታዩ፣ ቅዳሜን አትጠብቁ።

«ወጌሻ ይየው»

ይሄ ከሁሉም ያስፈራኛል። ወጌሻን ለመስደብ አይደለም። ግን ወለምታ መስሎን ያበጠውን ባት ቅባት ቀብተን ስናሳሸው፣ የረጋው ደም ተቆርሶ ሽቅብ ሊሄድ ይችላል። በልብ በኩል አልፎ ሳንባ ውስጥ ይወተፋል። ያኔ ትንፋሽ ድንገት ያጥራል፣ አየር ሲስቡ ደረት ይወጋል፣ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ አንዳንዱ ደም ያስለዋል፣ አንዳንዱም ራሱን ስቶ ይወድቃል። እዚህ ከተደረሰ ነገ የሚባል ነገር የለም፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው።

«ራጅ ተነስቼ ምንም የለም ተባልኩ»

ራጅ አጥንት ያሳያል እንጂ የረጋ ደም አያሳይም። የሚያስፈልገው የእግር ዶፕለር አልትራሳውንድ፣ ማለትም በደም ሥር ውስጥ ያለውን የደም ፍሰት የሚያሳየው ምርመራ ነው። ካልታዘዘላችሁ ጠይቁ፣ ነውር የለውም።

«አራስ ናት፣ ትተኛ»

እርግዝናና ከወሊድ በኋላ ያሉት 6 ሳምንታት ደም በቀላሉ የሚረጋበት ጊዜ ነው። በቀዶ ጥገና ከወለደች ደግሞ ይብሳል። እኛ ደግሞ ልክ በዚያን ጊዜ ነው አልጋ ላይ አስተኝተን ውኃ ለመቅዳት እንኳ አትነሺ የምንላት። ገንፎው ይቀጥል፣ ጠያቂውም ይምጣ፣ ግን ሐኪም ካልከለከላት ተነስታ ወዲያ ወዲህ ትበል፣ ውኃም በደንብ ትጠጣ። ነፍሰ ጡር ሆና ደሟ ከረጋ በብዛት የሚሰጣት ደም እንዳይረጋ የሚከላከል የሄፓሪን ዓይነት መርፌ ነው። ዋርፋሪን የሚባለው የደም መርጋት መከላከያ ኪኒን ፅንሱን ሊጎዳ ስለሚችል የሌላ ሰው ኪኒን እንዳትውጥ። እያጠባች ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱን በራሷ አታቋርጥ፤ ሄፓሪንም ዋርፋሪንም ከማጥባት ጋር የሚስማሙ ናቸው።

በነገራችን ላይ ወጣትነት ዋስትና አይደለም። ኤስትሮጅን ያለው የወሊድ መከላከያ ኪኒን፣ ጀሶ ውስጥ ያለ እግር፣ ካንሰር፣ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ድረስ ሳይነሱ መቀመጥ፣ ሁሉም ዕድሉን ይጨምራሉ።

«እብጠቱ ጠፋ፣ ዳንኩ»

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው። ለደም መርጋት የሚሰጠው ኪኒን የረጋውን ደም አያሟሟም። እንዳያድግና አዲስ እንዳይረጋ ይከላከላል፣ ማጽዳቱን ሰውነት ራሱ ቀስ እያለ ይሠራዋል። ስለዚህ ሕክምናው ቢያንስ 3 ወር ነው፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይወስዳል።

ዋርፋሪን የምትወስዱ ከሆነ አይ ኤን አር የሚባለው፣ ደም ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚለካው የደም ምርመራ አይቅርባችሁ። ብዙውን ጊዜ በ2 እና በ3 መካከል እንዲሆን ይፈለጋል። ጎመን ላይ ደግሞ ልብ በሉ። ጾም ሲገባ ጎመን በየቀኑ፣ ሲፈታ ጭራሽ ዞር ብሎ አለማየት፣ ይሄ አይ ኤን አሩን ያናጋዋል። ጎመን አትብሉ አይደለም፣ መጠኑ ይመጣጠን ነው። ሪቫሮክሳባን የተባለው ሌላው የደም መርጋት መከላከያ ኪኒን ደግሞ 15 ወይም 20 ሚሊግራም ከሆነ ከምግብ ጋር ነው የሚወሰደው። ጿሚ ከሆናችሁ በባዶ ሆድ አትዋጡት፣ ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩበት።

እነዚህን ኪኒኖች እየወሰዳችሁ ራስ ምታት ሲነሳ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከሱቅ ገዝቶ መዋጥም ይቅር፣ መድማትን ያባብሳሉ። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ድድ አልቆም ብሎ ከደማ፣ ወይም ወድቃችሁ ጭንቅላታችሁን ከተመታችሁ፣ ላይ ላዩን ምንም ባይታይም ሐኪም ቤት ሂዱ።