የፋሲካን ጾም ሆድ ሳይታወክ እንዴት መፍታት እንደሚቻል

የዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ሌሊቱን በቤተ ክርስቲያን ቆሞ አድሮ ዶሮ ወጥ ፊት የተቀመጠ ሰው ስለ ጨጓራው እንዲያስብ መጠየቅ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ሆኖም በፋሲካ ሆድን የሚያውከው የምግቡ መለወጥ ብቻ ሳይሆን አበላላችንም ጭምር ነው። ጨጓራ የተቀበለውን ምግብ የሚለቀው እኛ በምንጎርስበት ፍጥነት አይደለም፤ ትንሹ አንጀት በሆርሞንና በነርቭ የሚልክለትን ትእዛዝ ይጠብቃል። ያንን ትእዛዝ አክብሮ መብላት ይቻላል።

1. በፈሳሽ ይጀምሩ

ባዶ ሆድ ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም። ምግብ በሌለበት ጊዜ በየ90 እና 120 ደቂቃው ገደማ ኃይለኛ የመኮማተር ሞገድ ከጨጓራ ተነሥቶ በትንሹ አንጀት በኩል ቁልቁል ይወርዳል፤ የምግብ ትራፊና ባክቴሪያም እየጠረገ ይሄዳል። ለዚህ ጠረጋ ዋናው ቀስቃሽ ሞቲሊን የተባለው ሆርሞን ነው። በቅዳሴ መካከል ሆድ ሲጮህ የምንሰማው ብዙ ጊዜ ይህንኑ ነው። ምግብ ሲገባ ጠረጋው ይቆምና የጨጓራ የላይኛው ክፍል ላልቶ ለመቀበል ይዘጋጃል።

ይህ ዝግጅት ጊዜ ይፈልጋል። በተለይ አክፍሎት የያዘ ሰው ውኃም ጠምቶት ስለሚውል መጀመሪያ ለብ ያለ ውኃ፣ ቀጥሎ አንድ ብርጭቆ የተበጠበጠ ተልባ ወይም ቀጠን ያለ የገብስ አጥሚት ቀስ ብሎ ይጠጣ። ፈሳሽ መፈጨት ስለማያስፈልገው ጨጓራን ቶሎ ይለቃል። እናቶቻችን ተልባን ከጾም መፍቻ ጋር ማያያዛቸው በከንቱ አይደለም፤ የሚያሟልጨው ክፍሉ ውኃ ይዞ ሰገራን ያለሰልሳል።

2. ሌሊት ይቅመሱ፣ ጠዋት ይብሉ

ከሁሉም በላይ አጥብቄ የምመክረው ይህንን ነው። የጨጓራ የታችኛው ክፍል በደቂቃ 3 ጊዜ ያህል እየተኮማተረ ምግቡን ያደቅቃል፤ ወደ አንጀት የሚያሳልፈውም በአብዛኛው ከ2 ሚሊ ሜትር በታች የሆነውን ብናኝ ነው። መካከለኛ መጠን ያለው ማዕድ ከጨጓራ እስኪያልቅ 4 ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ቅባት የበዛበት ደግሞ ከዚያም ይዘገያል።

ምክንያቱም ንጥር ቅቤው ትንሹ አንጀት ሲደርስ ኮሌሲስቶኪኒን የሚባል ሆርሞን ይለቀቃል። ይህ ሆርሞን ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ያደርጋል፤ ጨጓራ ምግብ መልቀቁን እንዲያዘገይ ያደርጋል፣ ሐሞት ከረጢት ተኮማትሮ ሐሞቱን እንዲያፈስ ያዛል፣ ቆሽትም ስብና ፕሮቲን የሚፈጩ ኢንዛይሞችን እንዲያመነጭ ያነሣሣል። ስብ ወደ ታችኛው አንጀት ከዘለቀ ደግሞ ጂኤልፒ-1 እና ፒዋይዋይ የተባሉ ሆርሞኖች ተጨምረው እንቅስቃሴውን ይበልጥ ያቀዘቅዙታል። በዚህ ላይ ክትፎና ጥብስ ሲደረብ ጨጓራ ሞልቶ ይቀራል፤ መነፋት፣ ማቅለሽለሽና ቃር ይከተላሉ።

ስለዚህ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አንድ እንቁላልና ጥቂት ጉርሻ ይብቃዎት። የጥጋብ መልእክት አንጎል ዘንድ በቅጡ እስኪደርስ 20 ደቂቃ ያህል ስለሚያስፈልግ ሁለተኛ ከማስጨመርዎ በፊት ቆየት ይበሉ። የሚያጎርስዎትን ዘመድም በፍቅር ይለምኑት!

3. በልተው ወዲያው አይተኙ

ከ2 እስከ 3 ሰዓት ቀና ብሎ መቆየት ቃርን ይቀንሳል። ከማዕድ በኋላ 10 ወይም 15 ደቂቃ በእግር መንቀሳቀስ ጡንቻ ከደም ውስጥ ስኳር እንዲወስድ ስለሚያደርግ ለሰውነትም ይጠቅማል።

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው እዚህ ላይ ልብ ይበል። ቅባት ምግቡን ጨጓራ ውስጥ ስለሚያቆየው የእንጀራውና የድፎ ዳቦው ስኳር ደም ውስጥ የሚገባው ዘግይቶ ነው። እንደ ልማዱ ከምግብ በፊት ኢንሱሊን የተወጋ ሰው መጀመሪያ ስኳሩ ሊወርድበት፣ ከሰዓታት በኋላ ደግሞ ሊያሻቅብበት ይችላል። የመድኃኒቱን መጠንና ሰዓት ከበዓሉ በፊት ከሐኪሙ ጋር ይነጋገርበት።

4. ጎመኑን ከማዕዱ አያንሡ

ምስርና ሽሮ ሲቀሩ ትልቁን አንጀት የሚያንቀሳቅሰው አሰርም አብሮ ይቀራል፤ ሥጋ አሰር የለውም። የፋሲካ ሳምንት የሆድ ድርቀት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ጠዋት ቁርስ ጨጓራን ሲወጥረው ትልቁ አንጀት ራሱ ይነቃቃል፤ ቡናም ብዙዎችን በዚህ ይረዳል። ያን ጊዜ ሰገራ ሲመጣ ለእንግዳ ብለው አይያዙት። ወተት የሚነፋዎት ከሆነ በእርጎ ይጀምሩ።

5. ሐኪም የሚያሻውን ሕመም ይለዩ

የሐሞት ጠጠር ያለበት ሰው ቅባት ከበላ በኋላ ከረጢቱ ሲኮማተር በቀኝ የጎድን አጥንት ሥር ወደ ትከሻ የሚዘልቅ ብርቱ ሕመም ሊይዘው ይችላል። ሕመሙ ሰዓታት ከቆየ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ዓይን ቢጫ ከሆነ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ሆድ ተነፍቶ፣ ትውከት ተደጋግሞ፣ ጋዝም ሰገራም አልወጣ ካለ እንዲሁ፤ በዚህ ጊዜ ማስቀመጫ መድኃኒት በቤት መውሰድ አደገኛ ነው።