ብሬራ ስትሄዱ እነዚህን እንዳትሳሳቱ

የምኖረው ሚላን ነው፤ እንግዳ አይጠፋኝም። ዱኦሞን (ትልቁን ካቴድራል) ያየ፣ ገበያውን የጨረሰ ሁሉ መጨረሻው እኔ ጋ ነው። እኔም ወደ ብሬራ ሙዚየም እወስደዋለሁ። ነፍሴ የምትወደው የ19ኛው ክፍለ ዘመን የጣሊያን ሥዕል ነው፤ በተለይ ተራውን ኑሮ የሚያሳየው። ልብስ የሚሰፉ ሴቶች፣ ቡና የምታቀርብ ሠራተኛ፣ ጀልባ የሚጎትቱ ወዛደሮች። ታዲያ እንግዶቼ ሁሌ ያንኑ ስህተት ይደጋግማሉ። ሰለቸኝና ልጻፈው አልኩ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

"ታሳዝናለች" ብሎ ማለፍ። ደሜን የሚያፈላው ይሄ ነው። ሰው ሁሉ የፍራንቼስኮ ሃየስ "መሳም" (1859) ፊት ይኮለኮላል። ሰልፊ፣ ሌላ ሰልፊ፣ "አሁን ደግሞ ከባሌ ጋር"። እዚያው ሙዚየም ውስጥ የጄሮላሞ ኢንዱኖ የ1862 ሥዕል አለ። ርዕሱ በእኛ አነጋገር "ልቧ ክፉ ነገራት" እንደማለት ነው። ከመኝታዋ የተነሳች ልጅ፣ በሌሊት ልብሷ፣ እጇ ላይ ያለች ትንሽዬ ምስል ታያለች። እንግዶቼ ሁለት ሰከንድ ያዩዋትና ከንፈር መጥጠው ይሄዳሉ።

ኧረ ቁሙ! ግድግዳውን እዩት! ከኋላዋ የተሰቀለው እኮ አሁን ሰልፊ የተነሳችሁበት "መሳም" ነው፤ ቅጂው። ጣሊያንን አንድ ለማድረግ የተዋጋው የጦር መሪ፣ የጋሪባልዲ ትንሽ ሐውልትም አለ። አሁን ገባችሁ? ፍቅረኛዋ ዘምቷል። ጣሊያን አንድ አገር ለመሆን ስትዋጋ ነው። ጥይት የለም፣ ፈረስ የለም፤ ጦርነቱ መኝታ ቤት ገብቷል። ሰዓሊው ደግሞ ከወሬ አልሣለውም፤ ራሱ በ1849 ሮም ሲከላከል የቆሰለ ሰው ነው።

ልናዘዝ፤ እኔም ስንቴ ፊቷን ብቻ አይቼ አልፌያለሁ። ያሳየችኝ የእህቴ ልጅ ናት። "አጎቴ፣ ያ የሚሳሳሙት ሥዕል እዚህ ውስጥም አለ!" አለችኝ። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አፈርኩ።

ሁለቱን ኢንዱኖዎች ማምታታት። ዶሜኒኮና ጄሮላሞ ወንድማማች ሰዓሊዎች ናቸው፤ የመጀመሪያ ስሙን አንብቡ።

"የጣሊያን ኢምፕሬሽኒስቶች" ማለት። ማክያዮሊ ስለሚባሉት የጣሊያን ሰዓሊዎች ነው የማወራው። ፋቶሪ፣ ሌጋ፣ ሲኞሪኒ፤ ፍሎረንስ ውስጥ ካፌ ሚኬላንጆሎ እየተሰበሰቡ ሲከራከሩ የነበሩት። ኢምፕሬሽኒስቶቹ፣ ማለትም እነ ሞኔ፣ ፓሪስ ላይ የመጀመሪያ ኤግዚቢሽናቸውን ያሳዩት በ1874 ነው። "ማክያዮሊ" የሚለው ስም ግን በ1862 በጋዜጣ ወጥቶ ነበር፤ ያውም ለስድብ። እና ማን ማንን ቀዳ? "ማክያ" ጠብታ፣ እድፍ ማለት ነው። ማኪያቶ ስታዝዙ የምትጠሩት ያንኑ ቃል ነው። የእነሱ ሥራ ብርሃንና ጥላን በደማቅ የቀለም እድፍ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነበር። የፋቶሪ "የፓልሚዬሪ መታጠቢያ" (1866) ሊቮርኖ ባሕር ዳር ጥላ ስር የተቀመጡ ሴቶችን ያሳያል። ቁመቱ 12 ሳንቲ ሜትር፣ ስንዝር እንኳ አይሞላም፤ ወርዱ 35። ያለው ፍሎረንስ ነው፤ ስትሄዱ ትልቅ ነገር ስትፈልጉ እንዳታልፉት።

"ወይ የድሮ ኑሮ!" ሰዓሊው ዛምፒጊ የሣላቸውን ሳቂታ አያቶችና ሕፃናት ያየ ሁሉ ገጠሩ ገነት ይመስለዋል። እነሱን ካያችሁ በኋላ የሞርቤሊን "ለ80 ሳንቲም!" (1895) እዩልኝ። ሩዝ ማሳ ውስጥ፣ ውሃ መሃል ጎንበስ ብለው የሚያርሙ ሴቶች ናቸው። ርዕሱ የቀን ሂሳባቸው ነው።

ጣት መቀሰር። ሸራው አጠገብ ጣታችሁን አትዘርጉ። ደወሉ ጮኾ፣ ጥበቃው ሮጦ መጥቶ፣ ስለ እናንተ ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ።

"ምንም የሚሆን ነገር የለም" ማለት። ይሄን የሚሉት የሌጋ "ፔርጎላቶ" (1868) ፊት ነው። ወይን የመሰለ ሐረግ ጥላ ስር ሴቶችና አንዲት ሕፃን ተቀምጠዋል፤ ሠራተኛዋ ቡና በሰሃን ይዛ ትመጣለች። በቃ። ሥዕሉ "ከምሳ በኋላ" ተብሎም ይጠራል። አንድ ቀን አክስቴን አመጣኋት፤ ስለ ሥዕል ምንም አታውቅም። ዝም ብላ አየችው፣ አየችው። ከዚያ፣ "ይቺ ልጅ እስክትደርስ ቡናው ይቀዘቅዛል" አለች። እኔ ወደሚቀጥለው ክፍል ልወስዳት እጇን ስስብ፣ "ቆይ እንጂ፣ ትድረስ" አለችኝ።