«አውሮፕላኑም ቻይና ነው?»፦ ስለ ቻይና ሠራሽ አውሮፕላኖች ስናወራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዕቃ ሊጭን ጓንግዡ የሚሄድ የመርካቶ ነጋዴ እዚያ ድረስ የሚሳፈረው በለመደው በኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው። ከዚያ ወደ ሻንጋይ ልሻገር ካለ ግን ቻይና ራሷ በሠራችው ሲ919 ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ቻይና ሳውዘርን የተባለው አየር መንገድ በዚያ መስመር ይህን አውሮፕላን ማብረር የጀመረው በ2024 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ይህን የሰማ ሰው ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱን ይላል። አንዱ «ቻይና? እኔ አልሳፈርም!» ነው። ሌላው «አሁንማ ቻይና ከማን ታንሳለች!» ነው። ሁለቱም ስለ አውሮፕላኑ ምንም አይነግሩንም።

ከሸቀጡ ተነስቶ በአውሮፕላኑ ላይ መፍረድ

በወሩ የሚላቀቅ ጫማ፣ በሳምንቱ የሚሞት ቻርጀር ያልገዛ የለም። ያንን ቻርጀር ግን ማን ፈተነው? አስመጪው ርካሹን አዘዘ፣ ፋብሪካውም በዋጋው ልክ ሠራለት። የመንገደኛ አውሮፕላን እንዲህ አይሸጥም። ሲ919 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው በ2017 ነው። የቻይና ሲቪል አቪዬሽን የብቃት ማረጋገጫ የሰጠው በ2022፣ መንገደኛ ጭኖ የተነሳው ደግሞ በ2023 ነው። አነስ ያለው ወንድሙ ሲ909፣ በቀድሞ ስሙ ኤአርጄ21፣ ከዚህም የባሰ ቆይቷል። በ2008 በረረ፣ መንገደኛ የጫነው ግን በ2016 ነው። ይህን ያህል መጓተት ለኩባንያው የሚያኮራ ነገር አይደለም። ግን ለገበያ ተብሎ በጥድፊያ የተለቀቀ ዕቃ ታሪክም አይደለም።

ሁሉ ነገሩ የቻይና ነው ብሎ ማሰብ

ሲ919ን ያለ አሜሪካና ያለ አውሮፓ ዕቃ ማንሳት አይቻልም። ሞተሩ ሊፕ ይባላል። የሚሠራው የአሜሪካው ጂኢ እና የፈረንሳዩ ሳፍራን በጋራ ባቋቋሙት ሲኤፍኤም ነው። የዚሁ ሞተር ወንድሞች በቦይንግ 737 ማክስና በኤርባስ ኤ320 ኒዮ ላይ ተሰቅለዋል። የማረፊያ እግሩን የሠራው የጀርመኑ ሊብሄር ነው። በ2025 የአሜሪካ መንግሥት የሞተሩን ሽያጭ ለተወሰኑ ሳምንታት ሲያግድ ጥገኝነቱ ለዓለም ሁሉ ታየ።

ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል። ኤርባስ ከ2008 ጀምሮ ኤ320ዎችን ቲያንጂን ከተማ ውስጥ ይገጣጥማል። የቦይንግ 787 ድሪምላይነር የጭራ መሪም የሚሠራው ቼንግዱ ነው። ስለዚህ በቻይና እጅ የተሠራ ነገር ላይ አልሳፈርም ያለ ሰው በድሪምላይነር ወደ ዋሽንግተን ከሄደ ቃሉን ሳያውቀው በልቷል።

አየር መንገዱንና አምራቹን ማምታታት

በ2022 የቻይና ኢስተርን አውሮፕላን ደቡብ ቻይና ውስጥ ተከስክሶ 132 ሰዎች አለቁ። እስከ ዛሬ ይህን አደጋ እየጠቀሰ «የቻይና አውሮፕላን አይታመንም» የሚል አለ። የወደቀው ግን ቦይንግ 737-800 ነበር።

ኤምኤ60ን እና ሲ919ን አንድ አድርጎ ማየት

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል። ምክንያቱም የቻይና አውሮፕላን ስም በአፍሪካም በእስያም የተበላሸው በዋናነት በኤምኤ60 ነው። ሠሪዎቹ የተለያዩ ናቸው። ሲ919ን እና ሲ909ን የሚሠራው ሻንጋይ ያለው ኮማክ ነው። ኤምኤ60 የሺያን ፋብሪካ ውጤት ነው። ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ሲሆን፣ የዘር ሐረጉ በቀድሞው የቻይና አውሮፕላን በዋይ7 በኩል እስከ ሶቪየቱ አንቶኖቭ 24 ይደርሳል። አንቶኖቭ ሲባል ደግሞ ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ኤምኤ60 ወደ ሌሎች አገሮች ብዙ ጊዜ የሚሄደው በመንግሥታት ስምምነት፣ በብድር ወይም በስጦታ ነው። ቶንጋ በ2013 አንድ በስጦታ ስትቀበል ኒውዚላንድ ዜጎቿን አስጠነቀቀች፣ ለቶንጋ ቱሪዝም የምትሰጠውንም እርዳታ አቆመች። ለዚህ ስጋት መነሻ ነበረው። በ2011 የኢንዶኔዥያው መርፓቲ አየር መንገድ ኤምኤ60 ካይማና አጠገብ ባሕር ውስጥ ገብቶ 25 ሰዎች ሞተዋል።

የዚያን አደጋ የምርመራ ውጤት ያነበበ ሰው ግን ቀላል መልስ አያገኝም። አየሩ መጥፎ ነበር፣ በቅጡ አይታይም። አብራሪዎቹ ግን በዓይን እያዩ ለማረፍ ሞከሩ። አልሆን ሲላቸው መልሰው ለመነሳት አሰቡ። ፍላፑን፣ ማለትም አውሮፕላኑ ዝግ ብሎ ሲበር እንዲደግፈው ከክንፉ የሚዘረጋውን ክፍል፣ ያለ ልክ መልሰው ሰበሰቡት፣ ሞተሩም የሚያስፈልገውን ያህል ጉልበት አላገኘም። ጥፋቱ በዋናነት የሰው ነው። መርማሪዎቹ ያገኙት ሌላ ነገርም ነበር፦ የአውሮፕላኑ የበረራና የጥገና መመሪያዎች በአቪዬሽን ደረጃ ባልሆነ እንግሊዝኛ የተጻፉ ነበሩ። ለእኔ የዚህ ታሪክ ፍሬ ነገር ይሄኛው ነው። ጥራት ማለት ብረቱ ብቻ አይደለም። አብራሪው ሲጨንቀው የሚገልጠው መጽሐፍም፣ የተሰጠው ሥልጠናም ጥራት ነው። ኤምኤ60 የደከመው በዚህ በኩል ነበር።

በቦይንግ ስም መጽናናት፣ ወይም በቦይንግ ጥፋት ቻይናን ማመን

የቦይንግ ስም ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ ለእኛ ማንም ሊነግረን አይገባም። በ2019 ቢሾፍቱ አቅራቢያ 157 ሰዎችን ይዞ የወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 አዲስ የቦይንግ ማክስ ነበር። ከዚያ ከወራት በፊት ኢንዶኔዥያ ውስጥ ሌላ ማክስ 189 ሰዎችን ይዞ ወድቋል። የአሜሪካ ተቆጣጣሪ ማክስን ፈትሾ አልፏል ተብሎ ነበር። ከኛው አደጋ ማግስት አየር መንገዶቿ ማክስን እንዳያበሩ በማዘዝ ከአገሮች ሁሉ የቀደመችው ደግሞ ቻይና ናት። አሜሪካ የተከተለችው ከቀናት በኋላ ነው።

ታዲያ ከዚህ ተነስቶ «የቻይናው ይሻላል» ማለት የሚያዛልቅ ሐሳብ አይደለም። አንዱ ፋብሪካ ስላጠፋ ሌላው አይጸድቅም። የማክስ ታሪክ የሚያሳየው የአገር ስም ዋስትና እንደማይሆን ነው። ያ ለሻንጋይም ይሠራል።

«እስካሁን አልወደቀም» የሚለውን እንደ ማስረጃ መያዝ

ሲ909 መንገደኛ መጫን ከጀመረ ጊዜ አንስቶ የመንገደኛ ሕይወት ያለፈበት አደጋ አልደረሰበትም። ጥሩ ነው። ግን ቁጥሩን እንይ። የኤርባስ ኤ320 ቤተሰብ ከአስር ሺህ በላይ ተመርቶ በዓለም ዙሪያ በየዓይነቱ አየር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት በርሯል። ሲ919 ገና ጥቂት ነው፣ የሚበረውም በአብዛኛው ቻይና ውስጥ ነው። ያልወደቀው ጠንካራ ስለሆነ ይሁን ብዙ ስላልበረረ ገና አልለየም።

የአውሮፓን ፈቃድ አለማግኘትን እንደ መውደቅ መቁጠር

የአውሮፓ የበረራ ደህንነት ኤጀንሲ ሲ919ን እየመረመረ ነው። የኤጀንሲው ኃላፊ በ2025 እንደተናገሩት ሥራው ከ3 እስከ 6 ዓመት ይፈልጋል። ያ ማለት ተፈትኖ ወደቀ ማለት አይደለም፣ ፈተናው አላለቀም ማለት ነው። «ፖለቲካ ነው» ብሎ ማጣጣልም አያዋጣም። ማክስ ከታገደ በኋላ አውሮፓ በአሜሪካ ፊርማ ብቻ መርካቷን ትታ ራሷ ፈትሻለች። የቻይናውን በጥርጣሬ ብታይ አይገርምም።

ደህንነትንና አዋጭነትን አንድ ማድረግ

ኔፓል ከቻይና ስድስት አውሮፕላኖች ወሰደች፣ ሁለት ኤምኤ60 እና አራት ዋይ12 የተባሉ ትናንሽ አውሮፕላኖች። በ2020 የአገሪቱ አየር መንገድ እነዚህን ማብረር አቆመ። መለዋወጫ በጊዜው አይመጣም፣ የሠለጠነ አብራሪ አይገኝም፣ ወጪው ከገቢው በለጠ። ብድሩ ግን ይከፈላል። አዲስ አበባ ላይ መለዋወጫ አጥተው የቆሙትን የቀላል ባቡር ፉርጎዎች ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ርካሽ ተብሎ የተገዛ አውሮፕላን መሬት ላይ ሲቆም ከውዱ ይበልጥ ይከብዳል። ይህ የገዢው አየር መንገድ ራስ ምታት እንጂ «ይወድቃል» ለማለት ማስረጃ አይደለም። ሲ909 ከቻይና ውጭ ሲበር ከኢንዶኔዥያው ትራንስኑሳና ከላኦስ አየር መንገድ ልምድ የምጠብቀውም ይህንኑ ነው፦ መለዋወጫው በሰዓቱ ይደርሳል ወይ?

ትኬት ሲቆርጡ አለማየት

የሚያሳስባችሁ ከሆነ መጠየቅ ይቻላል። ትኬት ስትቆርጡ የአውሮፕላኑ ዓይነት ብዙ ጊዜ ከበረራ ቁጥሩ አጠገብ ይጻፋል። ቻይና ውስጥ በአገር ውስጥ በረራ ሲ919 ወይም ሲ909 (አንዳንዴ በአሮጌ ስሙ ኤአርጄ21) ካያችሁ የኮማክ ነው። ሌላ ሰዓት መምረጥም መብታችሁ ነው። አየር መንገዱ ግን በዕለቱ አውሮፕላን ሊቀይር ይችላል፣ ስለዚህ በር ላይ ሌላ ቆሞ ብታገኙ አትደንግጡ።