የብስክሌት መንገድ ስትጠይቁ ለሚገጥማችሁ ተቃውሞ እንዴት ትመልሳላችሁ?

የወሎዋ ኮምቦልቻ ሜዳ ለብስክሌት የተፈጠረ ይመስላል። ነገር ግን ወደ ፋብሪካ የሚገሰግሰው ሠራተኛና ደብተሩን ያዘለው ተማሪ የሚነዱት በአውራ ጎዳናው ጠርዝ፣ ወደ ባቲና ወደ ጅቡቲ የሚታጠፉ ተሳቢዎች በትከሻቸው እያለፉ ነው። «ለእነዚህ ሰዎች መንገድ ይለይላቸው» ብሎ የተነሳ ሰው ብዙም ሳይቆይ የሚጋፈጠው ከሹፌሩ ይልቅ ወንበር ካለው ሰው ጋር ነው። የምጽፈው መንገዱን ለሚጠይቀው ሰው ነው።

መንገዱ የማን እንደሆነ ለዩ

ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚያልፈው ዋና መንገድ የፌዴራል ነው፤ የውስጥ ለውስጥ መንገዱ ደግሞ የከተማው አስተዳደር። ከንቲባውን ስለ አውራ ጎዳናው ብትጠይቋቸው «ሥልጣኔ አይደለም» ይሏችኋል፤ እውነታቸውን ነው። ስለዚህ በእጃቸው ካለው ጀምሩ፤ አንድ የትምህርት ቤት መንገድ ይበቃል። ለአውራ ጎዳናው የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ጠይቁ።

ቁጠሩ፣ ለኩ

አንድ የሥራ ቀንና አንድ የገበያ ቀን ምረጡ። ከጠዋቱ 1 እስከ 2 ሰዓት፣ ከቀትር በኋላ ከ11 እስከ 12 ሰዓት ቆማችሁ ብስክሌቱን፣ እግረኛውን፣ ባጃጁን፣ የጭነት መኪናውን ለየብቻ መዝግቡ። የመንገዱንም ስፋት በሜትር ለኩ፤ ለአንድ አቅጣጫ የብስክሌት መተላለፊያ 1.5 ሜትር ያህል ያስፈልጋል። «ብስክሌት የሚነዳ የለም» የሚል ሰው ሲመጣ የምታሳዩት ይህን ወረቀት ነው።

ተቃውሞውን እንደየመልኩ መልሱ

«ብስክሌት የድሃ ነው፣ ከተማችን እየዘመነች ነው» ለሚል ባለሥልጣን ስለ ድህነት አትከራከሩ። የትራንስፖርት ሚኒስቴር ያወጣውን፣ እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚዘልቀውን ሞተር አልባ ትራንስፖርት (የእግርና የብስክሌት ጉዞ) ስትራቴጂ ይዛችሁ ግቡ። ያን ጊዜ ጥያቄው የእናንተ መሆኑ ይቀርና የመንግሥት የራሱ ቃል ይሆናል።

«ወሎ ዳገት ነው» ለሚል እመኑለት። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር ተሰቅላ፣ ወደ እሷ የሚያወጣውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ለሕዝብ ብስክሌት ክፈቱ ማለት ሌላውን ጥያቄያችሁን ሁሉ ያስንቃል። የምትጠይቁት ሜዳ ለሆነው ቦታ ነው።

«ጥፋቱ የብስክሌተኛው ነው» ሲባልም ክፉኛ አትቆጡ፤ ያለ መብራት በሌሊት የሚነዳ አለ። ይህን ካመናችሁ በኋላ ፍጥነትን አንሱ። በዓለም ጤና ድርጅት መረጃ መሠረት አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ሰው የሚሞትበት አደጋ ዕድል በ4 በመቶ ይጨምራል። ብስክሌተኛው መብራት ይግዛ፣ ከተማው ፍጥነት መቀነሻ ይሥራ፤ ሁለቱም አብረው ሊጠየቁ ይችላሉ።

የባጃጅ ሾፌሮች ግን ጉዳያቸው ሌላ ነው። «የት እንቁም?» ሲሉ የሚጠይቁት ስለ ልጆቻቸው ዳቦ ነው፤ ምክር ቤት ከመግባታችሁ በፊት ከማኅበራቸው ጋር ተቀመጡ። «ጋሼ፣ እስቲ ቦታውን አብረን እንየው» ብላችሁ መንገዱ ላይ ይዛችኋቸው ሂዱ፤ መቆሚያው ወደየት ቢዛወር ገበያቸው እንደማይጎዳ ራሳቸው ይንገሯችሁ። ከዚያም ለአንድ ወር በቀለምና በድንጋይ ብቻ የተለየ የሙከራ መተላለፊያ እንዲደረግ አብራችሁ ጠይቁ። በቀላሉ ተነቅሎ የሚነሳ ነገር ያን ያህል አያስፈራም።

«እሺ» ለሚሏችሁ

እኔ ከሁሉ የምፈራው ይህን ነው። የሚጮኽ ተቃዋሚ ቢያንስ ሐሳቡን ሰጥቷችኋል። በፈገግታ ተቀብሎ፣ ቡና ጋብዞ፣ «እሺ፣ እናያለን» ብሎ የሚሸኝ ኃላፊ ግን ዓመት ያስበላል። መድኃኒቱ ወረቀት ነው። ጥያቄውን በጽሑፍ አድርጋችሁ መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉ፤ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ያዙ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር በሰኔ የሚቀርብ ጥያቄ ዘግይቷል፤ በጥርና በየካቲት ግቡ። መልስ ካልመጣ በመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ዕቅዱንና በጀቱን ጠይቁ፤ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ደግሞ ማኅበረሰቡን በሚነካ ፕሮጀክት ላይ ሐሳብ የመስጠት መብት ይሰጣችኋል። ይህን ስትጠቅሱ ድምፃችሁን ከፍ አታድርጉ።

ብቻችሁን አትሂዱ

ቅሬው (ዕድሩ)፣ ሸሁ፣ ቄሱ፣ የተማሪ እናት በአንድ ደብዳቤ ላይ ሲፈርሙ ጉዳዩን የፓርቲ ነው ማለት ይከብዳል። የፓርቲ አዳራሽ አትዋሱ፤ የብስክሌት ጉዞ ስታዘጋጁም አስቀድማችሁ በጽሑፍ አሳውቁ። ዛሬ የብስክሌት አገር በምትባለው ሆላንድ እ.ኤ.አ. በ1971 ብቻ ከ400 በላይ ሕፃናት በመኪና አደጋ ሞተዋል። መንገዱን ካስቀየሩት ነገሮች አንዱ የወላጆች ጩኸት ነበር።

የተሠራውም ይነጠቃል

በካናዳ የኦንታርዮ ክፍለ ሀገር መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 በቶሮንቶ ሦስት ዋና ጎዳናዎች የተሠሩ የብስክሌት መተላለፊያዎችን ለማስነሳት ሕግ አወጣ፤ ምክንያቱ የትራፊክ መጨናነቅ ነበር። ብስክሌተኞቹ ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 ፍርድ ቤቱ ማስነሳቱ መጨናነቁን እንደማይቀንስ፣ የሰው ሕይወት ግን አደጋ ላይ እንደሚጥል ገልጾ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ሲል ወሰነ። መንግሥት ይግባኝ ብሏል። ለተከራካሪዎቹ የጠቀማቸው የተሰበሰበ ማስረጃ ነው።

ስለዚህ የሙከራው ወር ሲያልቅ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቦታ ቆማችሁ እንደገና ቁጠሩ። ውጤቱን ወደ ከንቲባው ቢሮ ከመውሰዳችሁ በፊት ለባጃጅ ሾፌሮቹ አንብቡላቸው።