ዳገት ላይ የምትገለበጠዋን ትንሽ ፒካፕ እንዴት አስተካከልኳት
ደሴ ውስጥ ሜዳ ፈልጎ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። የኔ ባለ ሪሞት ፒካፕ ደግሞ የጦሳን ዳገት ስትጀምር አፍንጫዋን አንስታ ወደ ኋላ ትገለበጣለች። ሞተሩ ጉልበት አላነሰውም፤ ክብደቱ ከላይና ከኋላ በዝቶ ነው።

መጀመሪያ ፖርቶ መጋላውን ነቀልኩ። ያሳዝናል፣ ውበቷ እሱ ነበር። ባትሪውን ከኋላ አንስቼ ወደ ፊት፣ ሻንሲው ላይ ዝቅ አድርጌ አሰርኩት። ገመዱ ስላጠረ በብየዳ ካውያ ቀጠልኩለት። ቀይና ጥቁሩን እንዳታቀያይሩ፤ የሞተር መቆጣጠሪያው ሊቃጠል ይችላል።

ዋናው ለውጥ ግን የመጣው ከጎማው ነው። የብየዳ ሊድ፣ ያን በካውያ የሚቀልጠውን ሽቦ፣ በፊት ቸርኬዎቹ ላይ ጠቀለልኩ፣ ግራና ቀኙን እኩል መዝኜ። እዚያ ያለ ክብደት ሞላውን አይጫንም፣ መሬትም ይይዛል። መሪዋ ትንሽ ከብዷል። ዳገቱን ግን ትወጣለች።