የአይስክሬም እንጨት ሳይሰበር አምባር እንዲሆን

የአይስክሬም እንጨት ካላችሁ አትጣሉት፤ ቆንጆ አምባር ይወጣዋል። ብዙ ሰው ደረቁን ሊያጎብጠው ይሞክርና ቀጭ ብሎ ይሰበርበታል። ሚስጥሩ ውሃና ትዕግሥት ነው።

ምርጫው ላይ ጊዜ ውሰዱ። በእንጨቱ ላይ የሚታዩት መስመሮች ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብለው የሚሄዱበትን ያዙ። መስመሩ ወደ ጎን የሚያመልጥ ወይም ጉጥ ያለበት ከሆነ ሲጎብጥ ይሰነጠቃል። እሱን ለጆሮ ጌጥ አስቀምጡት። ለአዋቂ እጅ 15 ሳንቲ ሜትር የሚሆነው ሰፊው ይሻላል፤ አጭሩ ለልጆች ይበቃል።

እንጨቱን ለ30 ደቂቃ ያህል ቀቅሉት። ለብ ሲል በሁለት እጃችሁ፣ ቀስ እያላችሁ አጉብጡት። ከጠነከረባችሁ ወይም ሲንቋቋ ከሰማችሁ አትታገሉት፤ ወደ ፈላው ውሃ መልሱት። እሺ ሲላችሁ ብርጭቆ ውስጥ፣ ግድግዳውን አስደግፋችሁ ክተቱትና እስከ ነገ ተዉት። ከብርጭቆው ሲወጣ ትንሽ ስለሚከፈት፣ ከምትፈልጉት ስፋት ጠበብ ያለ ብርጭቆ ምረጡ። ይህቺን ነገር ብዙ ሰው ይረሳታል።

በደንብ ሳይደርቅ ቀለም አትቀቡት፣ ይላጣል። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ፤ ቆዳ ላይ የሚውል ነገር ነውና በዚህ አትቸኩሉ። ከዚያ አክሪሊክ ቀለም፣ በላዩ ቫርኒሽ ሁለት ጊዜ። ውስጡንም ቀቡት። ላብና ውሃ ከገባበት እንጨቱ ተመልሶ ይቃናል።